ከመሥሪያ ዋጋው ባሻገር፡ ለአዲስ ንግድ የመጀመሪያ ድረ ገጽ በጀት እንዴት ይያዛል?

ባሕር ዳር፡ አምስት ወጣቶች ተደራጅተው ከአካባቢው አርሶ አደሮች ማር እየተረከቡ፣ አጣርተውና አሽገው ለገበያ ማቅረብ ጀመሩ እንበል። ማሩ ጥሩ ነው። የንግድ ፈቃድ አውጥተዋል፤ በማሸጊያው ላይም ስማቸው ታትሟል። አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ነጋዴ ምርታቸውን ሊገዛ ፈልጎ ደወለና «ድረ ገጻችሁን ላኩልኝ፤ አይቼ እወስናለሁ» አላቸው። ድረ ገጽ ግን የላቸውም። ባለሙያ ሲያፈላልጉ አንዱ 30 ሺህ ብር ጠየቃቸው፤ ሌላው በግማሽ ዋጋ እሠራለሁ አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ እጥፉን ጠራ።

ወጣቶቹ የትኛውን ይምረጡ? ብዙዎች በዚህ ጊዜ የሚያነጻጽሩት የተጠራውን ዋጋ ብቻ ነው። ላም ለመግዛት ገበያ የወጣ አርሶ አደር ግን የላሟን ዋጋ ብቻ አስቦ አይወጣም። መኖዋን፣ ማደሪያዋን፣ የሕክምናዋንም ወጪ አስቀድሞ ያሰላል። ድረ ገጽም እንደዚሁ ነው። ተሠርቶ የሚያልቅበት ቀን የለም፤ በየዓመቱ ወጪ ይጠይቃል፤ ካልተጠበቀም ይጠፋል። ስለዚህ በጀቱ ሲያዝ «ለመሥራት ስንት ይፈጃል?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ለሦስት ዓመት ለማኖር ስንት ይፈጃል? ባለቤቱስ ማን ይሆናል?» የሚሉ ጥያቄዎችም መነሳት አለባቸው።

ገንዘቡ የሚከፈለው ለምን ለምን ነው?

የአንድ አነስተኛ ንግድ ድረ ገጽ ወጪ በአምስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ስሙ ነው። በባለሙያዎች ዘንድ ዶሜይን ይባላል። ደንበኛው በስልኩ ላይ ጽፎ ድረ ገጹን የሚያገኝበት አድራሻ ነው። ዶሜይን እንደ ዕቃ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዘለዓለም የሚያዝ አይደለም፤ በዓመት ወይም ለተወሰኑ ዓመታት በኪራይ መልክ ይመዘገባል፤ ጊዜው ሲያበቃም ይታደሳል። በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቁት በ«ዶት ኮም» የሚያልቁት ስሞች ሲሆኑ፣ የኢትዮጵያ መለያ የሆነውን «ዶት ኢቲ» የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

ሁለተኛው ማደሪያው ነው። የድረ ገጹ ጽሑፍና ፎቶግራፍ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ አለበት። ይህ አገልግሎት ሆስቲንግ ይባላል። ለአነስተኛ ንግድ አንድን ሰርቨር ከብዙ ደንበኞች ጋር ተጋርቶ መጠቀም በቂ ነው፤ ዋጋውም ዝቅተኛው ነው።

ሦስተኛው የግንባታው ሥራ ነው። ባለሙያው ገጾቹን የሚነድፍበት፣ የሚያቀናጅበትና በስልክ ላይ በትክክል መታየታቸውን የሚፈትሽበት ነው። አራተኛው ይዘቱ ነው፤ የምርቱ ፎቶግራፍ፣ ስለ ድርጅቱ የሚገልጸው ጽሑፍ፣ ዋጋና አድራሻ በዚህ ይካተታሉ። አምስተኛው ጥበቃው ነው፤ ሶፍትዌሩን ማዘመን፣ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ፣ የተበላሸውን መጠገንና የተለወጠ ዋጋን ማስተካከል ማለት ነው።

ባለሙያ «30 ሺህ ብር» ሲል ከአምስቱ የትኞቹን እንዳካተተ መጠየቅ የበጀት ሥራ መጀመሪያ ነው። አንዱ የሚጠራው ዋጋ ግንባታውን ብቻ የያዘ ሊሆን ይችላል፤ የሌላው ደግሞ የአንድ ዓመት ስምና ማደሪያን ይጨምራል። እነዚህን ሁለት ዋጋዎች በቀጥታ ማወዳደር ሳይሰፈር የቀረበን እህል ከተሰፈረው ጋር እንደማወዳደር ነው። ዋጋው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካተተ መሆኑም መጠየቅ ይኖርበታል። ካልተካተተ 30 ሺህ ብር የተባለው ሥራ ሲጠናቀቅ 34 ሺህ 500 ብር ይሆናል።

የዶላሩ ጉዳይ

ከአምስቱ ወጪዎች ግንባታው፣ ይዘቱና ጥበቃው በአገር ውስጥ ባለሙያ ስለሚሠሩ በብር ይከፈላሉ። «ዶት ኮም» ስሞችና በውጭ ኩባንያዎች የሚሰጠው ማደሪያ ግን የሚተመኑት በዶላር ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሚዘነጉት ይህን ነው።

ኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሬ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ያደረገችው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ከለውጡ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ይህ ለአንድ አነስተኛ ድረ ገጽ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። ለስሌት እንዲመች ስሙ በዓመት 15 ዶላር፣ ማደሪያው 60 ዶላር፣ በድምሩ 75 ዶላር ይፈጃል ብለን እንነሳ። በ57 ብር ሲመነዘር 4 ሺህ 275 ብር ነው። በ150 ብር ሲሰላ ግን 11 ሺህ 250 ብር ይሆናል። ድረ ገጹ አልተለወጠም፤ የዶላር ዋጋውም አልጨመረም። የብሩ ወጪ ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

ስለዚህ በዶላር የሚከፈለው ወጪ በበጀቱ ላይ ለብቻው በዶላር ተመዝግቦ፣ በየዓመቱ በወቅቱ ምንዛሬ መሰላት አለበት። ሌላም ዘዴ አለ። አንድን የ«ዶት ኮም» ስም በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ማስመዝገብ ይፈቀዳል። ገንዘብ ያለው ጀማሪ የስሙን የሦስት ዓመት ክፍያ አስቀድሞ ቢከፍል ከምንዛሬ ለውጥም ሆነ ማደስን ከመርሳት ይድናል።

የማደሪያ ኪራይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ኩባንያዎች ለመጀመሪያው ዓመት ዝቅተኛ የማስተዋወቂያ ዋጋ ያቀርቡና ሲታደስ ወደ መደበኛው ዋጋ ይመልሱታል። በበጀቱ ላይ መጻፍ ያለበት የማደሻው ዋጋ ነው።

ዓለም አቀፍ ክፍያ የሚፈጽም የባንክ ካርድ የሌለው ጀማሪ ባለሙያው በራሱ ካርድ እንዲከፍልለት ይጠይቃል። ወይም አገልግሎቱን በብር ከሚሸጡ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ይገዛል። በሁለቱም መንገድ የሚጨመር ክፍያ ይኖራል፤ ግን ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። የ«ዶት ኮም» ስሞችን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ለሻጮች የሚያስረክብበት ዓመታዊ ዋጋ እ.አ.አ በመስከረም 2024 ወደ 10 ዶላር ከ26 ሳንቲም ከፍ ብሏል። ይህን መነሻ የሚያውቅ ደንበኛ ለአንድ ዓመት ስም ብዙ እጥፍ ሲጠየቅ ምክንያቱን ሊጠይቅ ይችላል።

የሦስት ዓመት ስሌት

የማር አምራቾቹን ምሳሌ ይዘን በጀቱን እንሥራ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የስሌቱን መንገድ ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጀማሪ በራሱ አካባቢ ባገኘው ዋጋ ሊተካቸው ይገባል።

በመጀመሪያው ዓመት ግንባታው 30 ሺህ ብር፣ ፎቶግራፍና ጽሑፍ ማዘጋጀት 8 ሺህ ብር፣ ስምና ማደሪያ 11 ሺህ 250 ብር፣ ጥበቃ በወር 500 ብር ሂሳብ 6 ሺህ ብር ነው። ድምሩ 55 ሺህ 250 ብር ይሆናል። ለምንዛሬ ለውጥና ላልታሰበ ወጪ 10 በመቶ፣ ማለትም 5 ሺህ 525 ብር ሲጨመር የመጀመሪያው ዓመት በጀት 60 ሺህ 775 ብር ይደርሳል።

በሁለተኛው ዓመት ግንባታ የለም። ስምና ማደሪያ 11 ሺህ 250፣ ጥበቃ 6 ሺህ፣ አዲስ ፎቶግራፍ 3 ሺህ ሲደመር 20 ሺህ 250 ብር ነው። ከ10 በመቶ መጠባበቂያ ጋር 22 ሺህ 275 ብር ይሆናል። ሦስተኛውም ዓመት ተመሳሳይ ነው።

የሦስቱ ዓመታት ድምር 105 ሺህ 325 ብር ነው። ወጣቶቹን ሲያስጨንቃቸው የነበረው 30 ሺህ ብር ከዚህ ውስጥ አንድ ሦስተኛውን እንኳ አይሞላም። ያላቸውን ሁሉ ለግንባታው ከፍለው ቢጨርሱ በሁለተኛው ዓመት የሚያድሱበት ገንዘብ አይኖራቸውም። በየማሸጊያው ላይ ያተሙት አድራሻም ማንም የማይደርስበት ይሆናል።

ስሙ የተመዘገበው በማን ነው?

ከገንዘቡ የባሰ ኪሳራ የሚመጣው ግን ከባለቤትነት ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ዶሜይኑን የሚያስመዘግበው ባለሙያው ነው። ሥራ ለማቀላጠፍ ሲል በራሱ ስም፣ በራሱ ኢሜይልና በራሱ የይለፍ ቃል ይመዘግበዋል። ክፋት ላይኖረው ይችላል። ይሁን እንጂ በመዝገቡ ላይ የስሙ ያዥ ሆኖ የሚታወቀው በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። ባለሙያው ወደ ሌላ አገር ቢሄድ፣ ሥራ ቢለውጥ ወይም ከድርጅቱ ጋር ቢጣላ የንግዱ አድራሻ ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ያን ጊዜ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደተባለው ይሆናል።

ችግሩ በማደሻ ጊዜም ይመጣል። በዓለም አቀፍ የስም አስተዳደር ደንብ መሠረት የስም ሻጮች ጊዜው ከማብቃቱ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብለው፣ ዳግመኛም አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ማሳሰቢያ መላክ አለባቸው። ማሳሰቢያው የሚላከው ግን በምዝገባው ላይ ወደ ሰፈረው ኢሜይል ነው። ኢሜይሉ የባለሙያው ከሆነና እርሱ ካላየው፣ ባለንብረቶቹ የሚያውቁት ድረ ገጻቸው ከጠፋ በኋላ ነው። የ«ዶት ኮም» ስም ጊዜው አልፎ ከተሰረዘ በኋላ የቀድሞ ያዡ ከመደበኛው ከፍ ያለ ክፍያ ከፍሎ የሚያስመልስበት የ30 ቀናት ዕድል አለ። ይህም ካለፈ ስሙን ማንኛውም ሰው ሊወስደው ይችላል። በስሙ የሚታወቅ ምርት ያለው አምራች አድራሻውን በሌላ ሰው እጅ ሊያገኘው ይችላል ማለት ነው።

መከላከያው ገንዘብ አይጠይቅም። ድርጅቱ አስቀድሞ የራሱን ኢሜይል ይክፈት፤ ኢሜይሉ የአንድ አባል የግል መሆን የለበትም። ስሙም ማደሪያውም በድርጅቱ ስምና በዚሁ ኢሜይል ይመዝገቡ። የይለፍ ቃሎቹ ተጽፈው ከንግድ ፈቃዱና ከማኅተሙ ጋር አብረው ይቀመጡ፤ ቢያንስ ሁለት አባላትም ያሉበትን ይወቁ። የማደሻው ቀንም ግብር እንደሚከፈልበት ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ይመዝገብ።

የሚቆጠብበትና የማይቆጠብበት

አቅሙ ውስን የሆነ ጀማሪ ብዙ ነገር በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ማግኘት ይችላል። እ.አ.አ በ2003 የተጀመረው ዎርድፕረስ ማንም በነጻ ሊጠቀምበት የሚችል የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። በደንበኛውና በድረ ገጹ መካከል የሚተላለፈውን መረጃ የሚመሰጥረው የደኅንነት የምስክር ወረቀት ለትርፍ ካልቆመው «ሌትስ ኢንክሪፕት» በነጻ ይገኛል፤ ብዙ ማደሪያ አከራዮችም አብረው ያቀርቡታል። ለአማርኛ ጽሑፍ የሚያገለግሉ ጥሩ ፊደላትም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.አ.አ በ1999 በመሆኑ ዛሬ አማርኛ ለማሳየት ልዩ ወጪ አያስፈልግም። ለእነዚህ ነገሮች በተናጠል ከፍ ያለ ዋጋ የሚጠይቅ ካለ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት።

የገጾቹን ብዛትም መቆጠብ ይቻላል። ለጀማሪ አምራች የመጀመሪያው ገጽ፣ ስለ ድርጅቱ የሚገልጽ ገጽ፣ የምርት ዝርዝርና አድራሻ ይበቃሉ። ደንበኞች የማይጠቀሙበት መተግበሪያ፣ የሚንቀሳቀስ ሥዕልና ማንም የማያዘምነው የዜና ገጽ ለኋላ ሊቆዩ ይችላሉ።

የማይቆጠብባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ፎቶግራፍ ነው። ደንበኛው ማሩን መቅመስ አይችልም፤ የሚያምነው ያየውን ነው። ከኢንተርኔት የተወሰደ የሌላ ሰው የማር ፎቶግራፍ እምነትን ያሳጣል፤ የባለቤትነት ጥያቄም ሊያስነሳ ይችላል። ሁለተኛው የገጹ ቅለት ነው። ብዙ ጎብኝዎች የሚመጡት በስልክ ነው፤ የኢንተርኔት ጥቅላቸውም ውስን ነው። በስልክ የተነሳ ፎቶግራፍ ሳይታመቅ እንዳለ ቢጫን ገጹ ሳይከፈት ደንበኛው ትቶት ይሄዳል። ሦስተኛው ጥበቃው ነው። ሶፍትዌሩ በነጻ ቢገኝም ሳይዘመን የቆየ ድረ ገጽ ለሰርጎ ገቦች የተከፈተ በር ነው። በየጊዜው የተያዘ መጠባበቂያ ቅጂ ካለ የተበላሸ ገጽ በአጭር ጊዜ ይመለሳል፤ ከሌለ ግንባታው እንደገና ከመሠረቱ ይጀመራል።

በድረ ገጽ መሸጥ ሲታሰብ

ምርትን ማሳየትና በድረ ገጹ ላይ ክፍያ መቀበል በወጪ ይለያያሉ። ክፍያ የሚቀበል ድረ ገጽ ተጨማሪ የግንባታ ሥራና የበለጠ ጥበቃ ይፈልጋል፤ ክፍያውን የሚያስተላልፈው ድርጅትም ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ ይወስዳል። በአገራችን ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አግኝተው ይህን አገልግሎት የሚሰጡ እንደ ቻፓና አሪፍፔይ ያሉ ድርጅቶች አሉ። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም፣ ኤም ፔሳ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ ናቸው። በቀን ጥቂት ትዕዛዝ ብቻ የሚቀበል ጀማሪ ግን ስልክ ቁጥሩንና በድርጅቱ ስም የተከፈተውን የክፍያ ሂሳብ በገጹ ላይ አስቀምጦ መጀመር ይችላል። ሽያጩ ሲበዛ የክፍያ ሥርዓቱን ይጨምራል።

ሕጉም በበጀት ውስጥ ቦታ አለው። በኢንተርኔት ለሚደረግ ግብይት ሕጋዊ ማዕቀፍ የሆነው የኤሌክትሮኒክስ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ነው። የደንበኞችን ስም፣ ስልክና አድራሻ የሚሰበስብ ድርጅት ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከተዋል። የማያስፈልገውን መረጃ ያልሰበሰበ ድርጅት የሚጠብቀውም አነስተኛ ነው። ለባለሙያውና ለማደሪያው በተከፈለ ቁጥር ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል ወጪውን በግብር ጊዜ ለማስረዳት ይጠቅማል።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን

ከባለሙያው ጋር የሚደረገው ስምምነት አንድ ገጽም ቢሆን በጽሑፍ መሆን አለበት። ስንት ገጽ እንደሚሠራ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያስረክብ፣ ስምና ማደሪያ በማን እንደሚመዘገቡ፣ ከርክክብ በኋላ ስንት ወር ጉድለቱን በነጻ እንደሚያርም ይገለጽ። አባላቱ ዋጋና ፎቶግራፍ ራሳቸው መለወጥ እንዲችሉ ሥልጠና መስጠቱም ይጻፍ። ይህ ካልሆነ አንድ የዋጋ ቁጥር ለማስተካከል ሁሉ ገንዘብ ይጠየቃል።

ክፍያውን በሦስት መክፈል ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። ለምሳሌ ሲጀመር 30 በመቶ፣ ንድፉ ታይቶ ሲጸድቅ 40 በመቶ፣ የይለፍ ቃሎች ሁሉ ተረክበው ድርጅቱ ራሱ ገብቶ ከሞከራቸው በኋላ ቀሪው 30 በመቶ ይከፈላል።

አሁን ያስፈልጋል ወይ?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም በፊት መመለስ ያለበት ነው። የሦስት ዓመቱ 105 ሺህ 325 ብር ለ36 ወራት ሲካፈል በወር 2 ሺህ 926 ብር ገደማ ይሆናል። ወጣቶቹ ከአንድ ኪሎ ማር 150 ብር ያተርፋሉ ቢባል፣ ድረ ገጹ ወጪውን የሚመልሰው በየወሩ 20 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ማር ካስሸጠ ነው። ይህን ያህል አዲስ ገዥ በድረ ገጹ በኩል ይመጣል ወይ? ከሌላ ከተማ የሚጠይቁ ነጋዴዎች ካሉ፣ ለሆቴሎችና ለውጭ ገበያ ለማቅረብ ከታሰበ መልሱ አዎን ሊሆን ይችላል። ገዥው ሁሉ በአቅራቢያው ያለ ነዋሪ ከሆነ ግን ገንዘቡ ለማጣሪያ ወይም ለማሸጊያ ቢውል ይሻላል።

መልሱ «ገና ነው» ከሆነ ባዶ እጅ መቅረት አያስፈልግም። የንግድ ቦታን በጎግል ካርታ ላይ ማስመዝገብ ነጻ ነው። የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ገጽም ያለ ክፍያ ይከፈታሉ። ከእነዚህ ጋር ስሙን ብቻ ማስመዝገብ ብልህነት ነው። 15 ዶላር በ150 ብር ሲሰላ በዓመት 2 ሺህ 250 ብር ነው፤ ድረ ገጹ እስኪሠራ ድረስ ሌላ ሰው ስሙን እንዳይወስደው ይጠብቃል። ስሙ ሲመረጥ በስልክ ሲነገር ያለ ስህተት የሚጻፍ አጭር ቃል ይሁን። በላቲን ፊደል ሲጻፍ በሦስትና በአራት መንገድ ሊጻፍ የሚችል የአማርኛ ስም ደንበኛን ያሳስታል።

አነስተኛ ንግዱ የሚይዘው ገንዘብ የአባላቱ ቁጠባ ወይም ብድር ነው። ማሩን የሚያስረክበው አርሶ አደርም ክፍያውን የሚጠብቀው ከዚያው ነው። ያለ ስሌት የወጣ ገንዘብ የሚጎዳው ድረ ገጹን ያሠሩትን ብቻ አይደለም፤ ቀፎ ድረስ ይደርሳል። በሦስት ዓመት ተሰልቶ፣ በድርጅቱ ስም ተመዝግቦና በውል ታስሮ የተሠራ ድረ ገጽ ግን አራት ገጽ ብቻ ቢኖረውም የአዲስ አበባው ነጋዴ ዳግመኛ ሲደውል የሚላክ አድራሻ ይሆናል።